ዛቻ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲደርስ፦ ሪፖርት፣ ፖሊስ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወይስ ፍርድ ቤት?

«እገልሃለሁ» የሚል መልእክት ስልክ ላይ ሲገባ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ሪፖርት ያደርጋል፣ ብሎክ ያደርጋል፣ የቀረውን ኩባንያው ይጨርሰዋል ብሎ ይጠብቃል። አይተውት ለፖሊስ ይነግራሉ፣ ሰውየውን ያውቁታል፣ እንዲሁ አያልፉትም ብሎ ያስባል።

ይህ ተስፋ በብዙ አገር የሕግ ድጋፍ የለውም። ድጋፍ ባለበት አገርም ቢሆን ብዙው ነገር የሚወሰነው ሪፖርቱ በምን መልክ እንደቀረበ ነው። ሕይወቱ የተነካበት ሰው የማይከፈት በር ሲያንኳኳ ውድ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ያሉትን አራት መንገዶች ጎን ለጎን እንያቸው። እነሱም ለኩባንያው ሪፖርት ማድረግ፣ ፖሊስ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እና ፍርድ ቤት ናቸው። ዓመቶቹን ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። አደጋው አሁን፣ በዚህች ሰዓት ነው ብላችሁ ካመናችሁ ንጽጽሩን ተዉት። ለፖሊስ ደውሉ፣ ካላችሁበት ውጡ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ

ከኩባንያው ልትጠይቁ የምትችሉት በአብዛኛው አራት ነገር ነው። ዛቻው እንዲነሳ፣ ለፖሊስ እንዲነገር፣ ከአካውንቱ ጀርባ ያለው ሰው ማንነት እንዲታወቅ፣ ወይም ለደረሰው ጉዳት ካሳ እንዲከፈል።

በሕግ ፊት እነዚህ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ፖስት እንዲነሳ የሚያስገድድ ሕግ ለፖሊስ መናገርን ላያስገድድ ይችላል። ማንነትን መስጠት ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የታጠረ ነው፤ እናንተ ስለጠየቃችሁ ብቻ ኩባንያው የሰውን ስም አይሰጣችሁም። አንዳንዴም አንዱ ፍላጎት ሌላውን ያበላሻል። ፖስቱ ቶሎ ከተነሳ ማስረጃውም ከእጃችሁ ይወጣል።

ለዚህ ነው «ወዲያው ሪፖርት አድርጉ» ከሚለው የተለመደ ምክር ጋር የማልስማማው። መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሪፖርት አድርጉ። ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም። የአካውንት ስም በቀላሉ ይቀየራልና የፕሮፋይሉን ሊንክ፣ የፖስቱን ወይም የኮሜንቱን የራሱን ሊንክ፣ ቀንና ሰዓቱን ያዙ። ከዛቻው በፊትና በኋላ የተባለውንም ያዙ፤ ነገ «ቀልድ ነበር» ሲባል መልስ የሚሆናችሁ እሱ ነው። የድምፅ መልእክት ከሆነ ፋይሉን አውርዱ። ብሎክ ማድረግ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ኩባንያው በሕግ የሚገደደው ምንድን ነው?

አሜሪካን ማስቀደም ግድ ነው፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዩቲዩብና ኤክስ ሁሉም የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። እዚያ ዋናው ሕግ የ1996ቱ አንቀጽ 230 የሚባለው ነው። ተጠቃሚ የጻፈውን ነገር ኩባንያው ራሱ እንደተናገረው ወይም እንዳሳተመው አድርጎ መክሰስ አይቻልም ይላል።

ይህ ከለላ እስከ የት እንደሚሄድ የኬኔት ዜራን ጉዳይ ያሳያል። በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሕንፃ በቦምብ ፈረሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አሜሪካ ኦንላይን በሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ ገጽ ላይ በአደጋው የሚሳለቁ ቲሸርቶች እንደሚሸጡ ማስታወቂያ ለጠፈ። ደውሉበት ያለው ስልክ የዜራን ነበር። ዜራን በነገሩ እጁ የለበትም። በንዴት የተሞሉ ጥሪዎችና የግድያ ዛቻዎች ዘነቡበት፤ በየሁለት ደቂቃው የሚደወልበት ጊዜም ነበር። ለኩባንያው ደጋግሞ ተናገረ፣ በመጨረሻም ከሰሰ። በ1997 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኩባንያው ቢነገረውም እንኳ አይጠየቅም ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው የተከተሉት ይህንኑ መስመር ነው።

ለፖሊስ መንገርስ? በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የሚያሳይ ይዘት ያገኘ ኩባንያ ሪፖርት እንዲያደርግ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ለግድያ ዛቻ እንዲህ ያለ አጠቃላይ የፌዴራል ግዴታ የለም። ያለው ፈቃድ ነው። የሰው ሕይወት ወይም አካል ከባድ አደጋ ላይ ነው ብሎ በቅን ልቦና ያመነ ኩባንያ የተጠቃሚውን መረጃ ያለፍርድ ቤት ትእዛዝ ለመንግሥት አካል መስጠት ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በራሳቸው ፖሊሲ እንዲህ እናደርጋለን ይላሉ። ፖሊሲ ግን በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል፤ ስላልተፈጸመ ብቻም ፍርድ ቤት የሚያቆም መብት አይሰጣችሁም።

ግድግዳው ስንጥቅ አለው። አንቀጽ 230 የፌዴራል የወንጀል ሕግን አይነካም። በ2009 በያሁ ላይ በተሰጠ የይግባኝ ውሳኔ ደግሞ የኩባንያው ሠራተኛ «እናነሳዋለን» ብላ ቃል ገብታ ሳይፈጸም ቢቀር፣ በቃል ኪዳኑ መክሰስን አንቀጽ 230 አይከለክልም ተብሏል። ስለዚህ ከኩባንያው የሚመጣን እያንዳንዱን የጽሑፍ መልስ አትሰርዙ።

አውሮፓ ኅብረት የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በሁሉም ፕላትፎርሞች ላይ ይሠራል። ኩባንያው ሁሉንም ነገር እየፈተሸ እንዲጠብቅ አያስገድደውም፤ እንዲያውም አጠቃላይ የክትትል ግዴታ መጣል አይቻልም ይላል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሕገወጥ ይዘትን የሚጠቁምበት ቀላል መንገድ እንዲኖር ያዛል። አንድ ጥቆማ በበቂ ማብራሪያ ከቀረበና ሕገወጥነቱ ጥልቅ የሕግ ምርመራ ሳይጠይቅ የሚታይ ከሆነ ኩባንያው «አውቋል» ተብሎ ይቆጠራል። ካወቀ በኋላ ዝም ካለ ከተጠያቂነት የሚያድነውን ከለላ ያጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ 18 ነው። የሰውን ሕይወት ወይም ደህንነት አደጋ ላይ የሚጥል ወንጀል እንደተፈጸመ፣ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም እንደሆነ የሚያስጠረጥር መረጃ የደረሰው ኩባንያ ለሚመለከተው አገር ፖሊስ ወይም የፍትሕ አካል ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ አለበት። የትኛው አገር እንደሚመለከተው ካላወቀ ለተቋቋመበት አገር ወይም ዩሮፖል ለሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ይነግራል። አሜሪካ «ትችላለህ» ያለውን አውሮፓ «ግዴታህ ነው» አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለዛቻ ተጠቂ ከቅጣቱ መጠን ይልቅ ይህ ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ። ቅጣቱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሕጉን የጣሰ ኩባንያ እስከ ዓመታዊ የዓለም ገቢው 6 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

ከዚህ ሕግ በፊት ጀርመን የራሷ ነበራት። በ2017 የወጣው ሕግ ግልጽ ሕገወጥ ይዘት በ24 ሰዓት፣ አጠራጣሪው በ7 ቀን እንዲነሳ ያዝ ነበር። የሰዓት ገደብ ጥቅሙ ተጠቂው መቼ መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ኩባንያው ቅጣት ፈርቶ ሕጋዊ ንግግርንም አብሮ መጥረጉ ነው። የአውሮፓው ሕግ ለተለመዱ ጥቆማዎች የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም፤ ወቅታዊና ጥንቃቄ ያለው ውሳኔ ይሁን ብቻ ይላል። ለሽብር ይዘት ግን የተለየ ደንብ አለ፤ ከባለሥልጣን ትእዛዝ ከደረሰው በ1 ሰዓት ውስጥ ማንሳት አለበት።

ብሪታንያ በ2023 ባወጣችው የኦንላይን ደህንነት ሕግ ኩባንያዎች አደጋን አስቀድመው እንዲገመግሙና ሕገወጥ ይዘትን በፍጥነት የሚያነሳ አሠራር እንዲኖራቸው ታስገድዳለች። ስለ ሕገወጥ ይዘት የተደነገጉት ግዴታዎች ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ይሠራሉ። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ነው። ቅጣቱ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም የዓለም ገቢ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ግዴታው በአሠራሩ ላይ ነው እንጂ እናንተ ሪፖርት ባደረጋችሁት አንድ ፖስት ላይ አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አውስትራሊያ ለግለሰብ የቀረበ ሕግ አላት። በ2021ዱ የኦንላይን ደህንነት ሕግ መሠረት አንድ ሰው መጀመሪያ ለፕላትፎርሙ ሪፖርት ያደርጋል። በ48 ሰዓት ካልተነሳ ኢሴፍቲ ኮሚሽነር ለሚባለው መሥሪያ ቤት ያመለክታል። ይዘቱ ከባድ ጉዳት ለማድረስ የታሰበና የሚያስፈራራ ሆኖ ከተገኘ መሥሪያ ቤቱ በ24 ሰዓት እንዲነሳ ማዘዝ ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት አዋጆች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ ሲደርሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ እንዲወስድ ይላል። አዋጁ የሚመለከተው ግን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ነው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ያልተመሠረተ የግል ዛቻ እዚያ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ለግል ዛቻ የቀረበው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ማስፈራራት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ከሆነም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይኸው አዋጅ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ሕገወጥ ይዘት በሥርዓቱ መሰራጨቱን ያወቀ አገልግሎት ሰጪ እንዲያሳውቅ ያዛል። አውቆ ካላነሳም በወንጀል ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል።

እነዚህን ሕጎች አንድ ላይ ስታዩአቸው ከአሜሪካ በስተቀር አንድ ክር ታገኛላችሁ። የኩባንያው ግዴታ በአመዛኙ የሚነቃው ሲያውቅ ነው። እንዲያውቅ የምታደርጉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

መንገድ አንድ፦ ለኩባንያው ሪፖርት ማድረግ

ፈጣኑና ነፃው ይህ ነው። ሊሰጣችሁ የሚችለው በዋናነት ማንሳትን ነው፤ አካውንት ማገድንም ሊጨምር ይችላል። ማንነትና ካሳ ከዚህ አይገኝም።

ሁሉም ሪፖርት ግን እኩል አይደለም። የተለመደው ቁልፍ «ይህ የእናንተን መመሪያ ይጥሳል» የሚል ጥቆማ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ ሌላ «ሕገወጥ ይዘት» የሚል ፎርም አለ። ሕጋዊውን ግዴታ በቀጥታ የሚቀሰቅሰው ሁለተኛው ነው። አሞላሉ ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም ለዛቻ እሱን ምረጡ። ለምን ሕገወጥ እንደሆነ፣ የይዘቱን ትክክለኛ ሊንክ፣ ስማችሁንና ኢሜይላችሁን፣ የጻፋችሁት እውነት እንደሆነ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ኩባንያው ውሳኔውን መንገር አለበት። ካልተስማማችሁ በትልልቆቹ ፕላትፎርሞች ላይ ቢያንስ ለ6 ወር በነፃ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ከዚያም ከፍርድ ቤት ውጭ የሚዳኝ እውቅና ያለው አካል ጋ መሄድ ይቻላል፤ የዚያ አካል ውሳኔ ግን አስገዳጅ አይደለም።

ማብራሪያ መጻፊያ ቦታ ካለ ባዶ አትተዉት። የሚያነበው ሰው፣ ወይም መጀመሪያ የሚያጣራው ማሽን፣ ቋንቋችሁን በደንብ ላያውቅ ይችላል። የማጣሪያ ሥርዓቶች ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ብዙ ቋንቋዎች ደካማ ናቸው። አማርኛ ደግሞ ዛቻን በዘወርዋራ መናገር ያውቅበታል። «ቀንህ ደርሷል» ወይም «ቤትህን እናውቀዋለን» የሚለውን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ምንም ላይታየው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ይህ አባባል የግድያ ዛቻ ነው። የተነገረው ለእኔ ነው። ሰውየው የምሠራበትን ቦታ ጠቅሷል። ከዚህ በፊትም በዚህ ቀን ይህን ጽፏል።» አጭርና ግልጽ ይሁን። ስድብ አትመልሱ፤ ስድባችሁ የራሳችሁን አካውንት ሊያሳግድ ይችላል።

ሪፖርት ማድረጋችሁን የሚያሳየውን ማረጋገጫም ስክሪንሾት አድርጉት። ነገ ኩባንያው መቼ እንዳወቀ የሚያስረዳው እሱ ነው።

መንገድ ሁለት፦ ፖሊስ

ዛቻውን የጻፈው ሰው ላይ የሚደርሰው መንገድ ይህ ነው። ኩባንያ ሰው አያስርም፤ አካውንት ቢዘጋ ሰውየው በሌላ ስም ይመለሳል። ዛቻው የተለየ ሰው፣ ቦታ ወይም ጊዜ ከጠቀሰ፣ ወይም የዛተውን ሰው በአካል የምታውቁት ከሆነ፣ ፖሊስን ከሪፖርቱ አስቀድሙ።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ሁለት ነገር በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው መረጃ እንዲቆይ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። በአሜሪካ ሕግ መርማሪ አካል ሲጠይቅ ኩባንያው በእጁ ያለውን መረጃ ለ90 ቀን ማቆየት አለበት፤ ጥያቄው ሲታደስ ሌላ 90 ቀን ይጨመራል። ይህ ካልተደረገ ሰውየው አካውንቱን ሲሰርዝ መረጃውም ውሎ አድሮ ይጠፋል። ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ ጥያቄ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለፖሊስ ብቻ የተከፈተ የመጠየቂያ ገጽ አላቸው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ጥያቄው ቅድሚያ ያገኛል። ሁሉም መርማሪ ይህን አያውቅም። በትሕትና ብትነግሯቸው ነውር የለውም።

የዚህ መንገድ ድክመት ድንበር ነው። የአሜሪካ ኩባንያ የያዘውን የመልእክት ይዘት የሌላ አገር ፖሊስ በመደበኛው መንገድ ሲጠይቅ በመንግሥታት መካከል ባለው የሕግ ትብብር ያልፋል። ወራት ሊወስድ ይችላል። ብሪታንያ ከአሜሪካ ጋር ያደረገችው ስምምነት ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለሆነ ፖሊሷ ለከባድ ወንጀሎች በቀጥታ ኩባንያውን መጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ስምምነት ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው።

ሌላው ጥያቄ ዛቻው ወንጀል ለመባል ምን ይጠይቃል የሚለው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ተናጋሪው ንግግሩ እንደ ዛቻ ሊታይ እንደሚችል እያወቀ ግድ አለመስጠቱ ቢያንስ መረጋገጥ አለበት ብሏል። በብሪታንያ ሞትን ወይም ከባድ ጉዳትን የሚያስፈራራ መልእክት መላክ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ ላኪው ተቀባዩ ዛቻው ይፈጸማል ብሎ እንዲፈራ አስቦ ወይም ግድ ሳይሰጠው መላኩ ይታያል። ለዚህ ነው «ተው ብዬው ነበር፤ ቀጠለ» የሚል ማስረጃ ትልቅ ክብደት ያለው። አንድ ጊዜ «ይህን እንደ ዛቻ ነው የማየው፤ አቁም» ብሎ ጽፎ ከዚያ ዝም ማለት ሊጠቅም ይችላል። ሰውየው ቅርባችሁ ያለና ቁጡ ከሆነ ግን ፖሊስን ወይም ጠበቃን ሳታማክሩ አትሞክሩት።

መንገድ ሦስት፦ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት

ይህ እንደምትኖሩበት አገር በጣም ይለያያል። አውስትራሊያ ከሆናችሁ ተጠቀሙበት፤ እናንተ ያመለከታችሁበትን ፖስት ራሱን ያያል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆናችሁ ኩባንያው ጥቆማችሁን ችላ ሲል ሕጉን በአገራችሁ ለሚያስከብረው መሥሪያ ቤት፣ ለዲጂታል አገልግሎቶች አስተባባሪ፣ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ታማኝ ጠቋሚ ተብለው እውቅና የተሰጣቸው ድርጅቶችም አሉ። የእነሱ ጥቆማ በሕግ ቅድሚያ ስለሚያገኝ ዛቻው የብዙዎች ወይም የተደጋገመ ከሆነ በእነሱ በኩል መሄድ ይሻላል።

ብሪታንያ ከሆናችሁ ኦፍኮም የእያንዳንዱን ሰው ቅሬታ አይዳኝም። የምትልኩለት ነገር ኩባንያውን በጅምላ ለመመርመር ይረዳዋል እንጂ ዛቻው ያለበትን ፖስት አያስነሳላችሁም። ይህን ሳያውቅ ተስፋ አድርጎ ሳምንታት የሚጠብቅ ሰው ያሳዝነኛል።

መንገድ አራት፦ ፍርድ ቤት

እዚህ ሁለት ክስ አለ። አንዱ በዛተው ሰው ላይ፣ አንዱ በኩባንያው ላይ።

በሰውየው ላይ ለመክሰስ መጀመሪያ ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ሕግ ከ1973 ጀምሮ የታወቀ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ፤ በጥፋቱ ሳያውቅ የገባ ሦስተኛ ወገን የአጥፊውን ማንነት እንዲናገር ያስገድዳል። አሜሪካም ውስጥ ስሙ ባልታወቀ ተከሳሽ ላይ ክስ ከፍቶ የአካውንቱን ምዝገባ መረጃ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ገንዘብ ያስፈልጋል።

በኩባንያው ላይ የሚቀርብ ክስ ከሁሉም ረጅሙ ነው። አውሮፓ የተሻለ ሜዳ ነው። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2015 በዴልፊ ጉዳይ፣ የሰውን አካል የሚያስፈራራ ግልጽ ሕገወጥ ኮሜንት ቶሎ ያላነሳ የኢስቶኒያ የዜና ድረ ገጽ መጠየቁ ትክክል ነው ብሏል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2019 አንድ ፖለቲከኛ በፌስቡክ ላይ ባሸነፈችበት ጉዳይ፣ ሕገወጥ የተባለውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር ተመሳሳይ የሆኑ ኮፒዎችንም እንዲያነሳ ማዘዝ ይቻላል ብሏል። ዛቻው በየቀኑ በሌላ አካውንት ለሚለጠፍበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ አሸባሪዎች ፕላትፎርሙን መጠቀማቸው ብቻ ኩባንያውን የወንጀሉ ተባባሪ አያደርገውም ብሎ የተጎጂ ቤተሰቦችን ክስ ውድቅ አድርጓል።

በዚህ መካከል ናይሮቢ ያለውን ክስ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በኅዳር 2021 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ ፖስቶች በፌስቡክ ላይ ይዘዋወሩ ነበር። ልጃቸው ደጋግሜ ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ ኩባንያው መልስ የሰጠኝ አባቴ ከተገደለ በኋላ ነው ይላል። በታኅሣሥ 2022 ከሌሎች ከሳሾች ጋር የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ኬንያ ፍርድ ቤት አቆመ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በሚያዝያ 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ይህ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ክርክሩ ይቀጥል ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንዲያም ሆኖ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው በሌላ አገር ፍርድ ቤት መቆም እንደሚችል አሳይቷል። የዚያ ልጅ የሪፖርት ቀኖች ዛሬ የክስ ማስረጃ ናቸው።

እንደ ሁኔታው የትኛው ይቅደም?

ዛቻው ስምና ቦታ ወይም ጊዜ ካለው ፖሊስ ይቅደም፤ የመዝገብ ቁጥር ስታገኙ ለኩባንያው በምትጽፉት ሪፖርት ላይ አስገቡት። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው እየደጋገመ ከሆነ ሕጋዊውን ጥቆማ ለእያንዳንዱ ፖስት ለየብቻ ላኩ፣ ዝርዝሩን በቀን አስይዛችሁ ለፖሊስ ስጡ። ካሳ የምታስቡት ጉዳት ከደረሰና ማስረጃው ከተሟላ በኋላ ነው፤ ለዛሬ ደህንነታችሁ ፍርድ ቤት መፍትሔ አይሆንም።

አስቸጋሪው ማንም «እገላለሁ» ሳይል መቶ ሰው አድራሻችሁን የሚያጋራበት ጊዜ ነው። አንድ በአንድ ሲታዩ ዛቻ አይመስሉም። እዚህ ላይ የአድራሻና የስልክ ቁጥር መለጠፍን ለብቻው ሪፖርት አድርጉ፤ ትልልቆቹ ፕላትፎርሞች የግል መረጃ ማውጣትን የሚከለክል የተለየ መመሪያ አላቸው፣ የዛቻ ትርጉም ላይ ሳትከራከሩ ሊነሳላችሁ ይችላል። ታማኝ ጠቋሚ ድርጅት ያለበት አገር ከሆናችሁም ጠቅላላውን ምስል ለእነሱ ስጡ።

በግል መልእክት የመጣ ዛቻ ሌላ ነው። ዋትስአፕ ላይ መልእክቱ የተመሰጠረ ስለሆነ ኩባንያው በራሱ አያየውም። ሪፖርት ስታደርጉ ግን ሰውየው የላከላችሁ እስከ 5 የሚደርሱ የቅርብ መልእክቶች ለኩባንያው ይደርሳሉ። ስለዚህ ዛቻው በሌላ ወሬ ሳይሸፈን ሪፖርት አድርጉ። ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ለባለሥልጣናት መረጃ ባለመስጠት ይታወቅ ነበር። መሥራቹ በነሐሴ 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ በመስከረም ወር ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብ የደንብ ጣሾችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ፖሊስ «ቴሌግራም ከሆነ አይገኝም» ቢላችሁ ይህን ንገሯቸው።

የፌስቡክ ገጽ ወይም ግሩፕ አድሚን የሆናችሁም ይህ ይመለከታችኋል። በ2023 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አንድ የፈረንሳይ ፖለቲከኛ በራሱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ሌሎች የጻፉትን የጥላቻ ኮሜንት ባለማንሳቱ መቀጣቱ መብቱን አይጥስም ብሏል። አድሚን ከሆናችሁ በገጻችሁ ላይ በሰው ላይ የተዛተ ነገር ስታዩ ቅጂውን ለተዛተበት ሰው ላኩለት፣ ከዚያ ኮሜንቱን አንሱ፣ ሊንኩንና ያነሳችሁበትን ሰዓት መዝግባችሁ ያዙ።